ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ስለ እጅ ስልክ፤ ለየትኛው ሥራ የትኛው እንደሚሻል

መግቢያ

ማናቸውም መሣሪያ የሚመረጠው ሥራው ከታወቀ በኋላ ነው። ገበሬ በማጭድ አያርስም፥ በማረሻም አያጭድም። ሁለቱም ብረት ናቸው፥ ሁለቱም ከአንድ ቀጥቃጭ እጅ ይወጣሉ፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ የተሠራበት ጉዳይ ልዩ ልዩ ነው። አንዱን በሌላው ፋንታ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል፥ የዘር ጊዜውም ያልፍበታል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ መካከል የሚደረገው ምርጫም እንደዚሁ ነው።

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ፥ «ለልጆቻችን ኮምፒዩተር ይገዛ ወይስ ታብሌት?» ብሎ የሚመክርበት ጊዜ ይመጣል። ገንዘቡ ከእህልና ከቡና ሽያጭ፥ ከበግና ከዶሮ ዋጋ ላይ ተቀንሶ የተዋጣ ነው። ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ መሣሪያው በጨርቅ ተሸፍኖ አቧራ ሲለብስ ይኖራል፤ ለሁለተኛ ጊዜ አዋጡ ቢባልም እሺ የሚል ሰው አይገኝም።

ከገንዘቡም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ እስከዚያች ቀን ድረስ ማውስ ጨብጦ፥ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ትምህርቱን ጠንቅቆ ሳለ የእጁ አለመልመድ ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ የመሣሪያው ምርጫ ለሽማግሌዎችም ለመምህራንም አደራ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አጭር ነው። ስልክ ለመቀበል፥ ለመላክና ለመመልከት የተመቸ መሣሪያ ነው፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን ለመጻፍ፥ ለማስላትና ለማደራጀት የተመቸ ነው። ከዚህም ጋራ የመብራት፥ የዋጋና የጥገና ነገር አብሮ ይመዘናል። መምህሩ በክፍሉ፥ ሽማግሌዎችም በየስብሰባው ያስረዱት ዘንድ ከዚህ በታች በየተራው ተጽፏል። ዓመቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የሁለቱ መሣሪያዎች አመጣጥ

የጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ስማርት ስልክ በመልክ ቢለያዩም በባሕርያቸው ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮሰሰር፥ ለጊዜው ሥራ የሚያገለግል ሜሞሪ፥ ጽሑፍና ሥዕል የሚቀመጥበት ማከማቻ አለ። የሚለያዩት በአካላቸው ነው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሣጥኑ፥ ሞኒተሩ፥ ኪቦርዱና ማውሱ እየብቻቸው ናቸው፤ ኀይሉንም ከግድግዳው ሶኬት ይቀበላል። ስልክ ግን ሁሉን በአንድ መዳፍ ውስጥ ሰብስቦ፥ ባትሪውንና ሲም ካርዱን ይዞ ከሰው ጋራ ይዞራል።

የታሪካቸውም መነሻ ልዩ ልዩ ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በየጽሕፈት ቤቱ በሰፊው የገባው፥ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የራሱን ሠርቶ ለገበያ ካወጣ በኋላ ነው። የእጅ ስልክ ግን የተጀመረው በመንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርቲን ኩፐር የተባለ የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ በኒውዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን የእጅ ስልክ ጥሪ አደረገ። ያ ስልክ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ከማነጋገርም በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። በኢትዮጵያ የእጅ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። በጣት የሚነካ መስታወት ያለው ስልክ በዓለም የተስፋፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን፥ በሚቀጥለውም ዓመት የአንድሮይድ ስልክ ከወጡ ወዲህ ነው።

ከዚህም እንደሚታየው አንደኛው በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ፥ ሁለተኛው በመንገደኛ እጅ ላይ አድገዋል። ዛሬ ስልክ መጻፍ ቢችልም፥ ኮምፒዩተርም ማነጋገር ቢችል፥ እያንዳንዱ የሚበረታው ባደገበት ሥራ ነው።

፪ኛ፤ ስልክ የሚበልጥበት ሥራ

የስልክ የመጀመሪያ ብልጫው ከሰው አለመለየቱ ነው። ሐኪም ለመጥራት፥ የእህል ዋጋ ለመጠየቅ፥ በሩቅ አገር ካለ ልጅ ጋራ ለመነጋገር ወደ ጠረጴዛ መሄድ አያሻም። ሁለተኛም የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም። ሦስተኛም ካሜራ ስላለው የታመመ ሰብል ቅጠልን፥ የጠፋ በግን መልክ፥ የደብዳቤን ቅጂ በአንዲት ቅጽበት አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው መላክ ይቻላል።

ገንዘብ በመላክና በመቀበልም ስልክ ይቀድማል። በ2013 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም የተጀመረው ቴሌብር በስማርት ስልክ ብቻ ሳይሆን፥ *127# በመምታት በተራ ባለ ቁልፍ ስልክም እንዲሠራ ሆኖ ተዘጋጅቷል። እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር፥ ማንበብ ለማይችል ገበሬ እንኳ የእርሻን ምክር በገዛ ቋንቋው በድምፅ የሚያሰማ ነበር። ከነዚህ ከሁለቱ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም ውድ የሆነው መሣሪያ ሁልጊዜ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ጉዳዩ መነጋገርና ጥቂት ገንዘብ መላክ ብቻ ለሆነ ቤተ ሰብ ባለ ቁልፉ ስልክ ይበቃዋል፤ ባትሪውም ለብዙ ቀን ይቆያል።

፫ኛ፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚበልጥበት ሥራ

ኮምፒዩተር የሚበልጠው ረጅም ሥራ በተፈለገ ጊዜ ነው። የአንድ ተራ ሞኒተር ገጽ ከስልክ መስታወት ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር፥ የሰፋ ሰንጠረዥን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎችም ፊደሉን አጉልተው ሳይቸገሩ ያነቡበታል።

ምሳሌውን ከመምህሩ ከራሱ ሥራ መውሰድ ይሻላል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 8 የትምህርት ዓይነት ቢኖር፥ በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ በሮስተር ላይ የሚሰፍረው ውጤት 480 ነው። ይህን በእጅ ደምሮ፥ አማካዩን አውጥቶ፥ ተማሪዎቹን በደረጃ ለማሰለፍ ብዙ ቀንና ሌሊት ያልፋል፤ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተችም የብዙዎች ደረጃ ይዛነፋል። በኮምፒዩተር ግን ውጤቱ በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተጻፈ፥ ድምሩንና ደረጃውን ማሽኑ ራሱ ያወጣል፤ ስሕተትም ሲገኝ አንዱ ቁጥር ሲታረም ሌላው ሁሉ አብሮ ይታረማል። በስልክም ይህ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን 480 ቁጥር በጠባብ መስታወት ላይ በአውራ ጣት መጻፍ ሥራን ማቅለል ሳይሆን ማክበድ ነው።

የአማርኛም ጽሕፈት እንደዚሁ ነው። የአማርኛ ፊደል ተራው 33 ሲሆን በሰባቱ ድምፅ ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ኪቦርድ ላይ ለየብቻው ማስፈር ስለማይመች፥ በተለመደው አጻጻፍ አስቀድሞ የፊደሉ ዘር፥ ቀጥሎ ድምፁ ይመታል። አሥር ጣቶቹን ያለማመደ ጸሐፊ በዚህ መንገድ ገበታውን ሳያይ ገጽ በገጽ ላይ ይጨምራል። በስልክ የሚጽፍ ሰው ግን የሚያገለግሉት ሁለት አውራ ጣቶች ብቻ ናቸው፤ ለአጭር መልእክት ይበቃሉ፥ ለቃለ ጉባኤ፥ ለፈተና ወረቀትና ለመጽሐፍ ግን ይደክማሉ።

ደግሞም ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሥርዐት ውስጥ ስለ ገባ፥ በስልክ የተጀመረ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ተነቦ ሊፈጸም ይችላል። አስተዋይ መምህር በመንገድ ላይ የመጣለትን አሳብ በስልኩ ይይዛል፥ በጠረጴዛው ላይ ያቀናዋል።

፬ኛ፤ ስለ መብራት

ከምርጫው ሁሉ በፊት የመብራት ነገር ይጠየቅ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በፕላዝማ ይታይ በነበረ ጊዜ፥ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የዚያ ሰዓት ትምህርት ተማሪውን ሳይጠብቅ ያልፍ እንደ ነበር መምህራን ያስታውሳሉ። መሣሪያው መልካም ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ የኀይል ጥገኛ ነው።

ሒሳቡን መምህሩ በሰሌዳ ላይ ቢያሳይ መልካም ነው። የአንድ ስማርት ስልክ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው ከ15 እስከ 20 ዋት ሰዓት ያህል ነው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነሞኒተሩ 100 ዋት ይበላል ብንል፥ በአንድ ሰዓት 100 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ኀይል አምስት ወይም ስድስት ስልክ ለመሙላት የሚበቃ ነው። ባለ 20 ዋት የሶላር ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ 5 ሰዓት ቢውል ቢበዛ 100 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ከዚህም ከፊሉ በመንገድ ይባክናል። እንግዲህ ይህ ሰሌዳ በቀን አራት ያህል ስልክ ይሞላል፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አያሠራም። ኮምፒዩተርን በፀሐይ ለማሠራት የሚያስብ መንደር ሰፋ ያለ ሰሌዳ፥ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ጨምሮ መግዛት ይገባዋል፤ ዋጋውንም ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋራ ደምሮ ይቁጠረው።

መብራት ባለበትም ቦታ ሁለት ጉዳት አለ። አንደኛው ድንገት መጥፋቱ ነው፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የራሱ ባትሪ ስለሌለው ያልተቀመጠ ሥራ ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው ኀይሉ ከ220 ቮልት በላይ እየወጣና ከዚያ በታች እየወረደ ዕቃውን ማቃጠሉ ነው። ለመጀመሪያው ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ስታቢላይዘር ይረዳል።

፭ኛ፤ በመካከል ስላሉት ስለ ላፕቶፕና ስለ ታብሌት

ላፕቶፕ ኪቦርድም ባትሪም ስላለው የሁለቱን ጠባይ ይዟል። የሚበላውም ኀይል ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ያንሳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ለጽሕፈት ሥራ የሚሻለው እርሱ ነው። ነውሩ ግን በቀላሉ መሰረቁና ሲሰበር ጥገናው መክበዱ ነው።

ታብሌት ደግሞ የሰፋ ስልክ ነው እንጂ ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ጥቂት ሕፃናት በፀሐይ የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ መምህር ተሰጥተው ነበር። ልጆቹም ማንም ሳያሳያቸው ከፍተው መጠቀም፥ የእንግሊዝኛን ፊደል መዘመርም ጀመሩ። ይህም ታብሌት ለማየት፥ ለመስማትና ለፊደል መልመጃ እጅግ ቀላል መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን መክፈትና መመልከት አንድ ሥራ ነው፥ መጻፍና ማስላት ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ታብሌት ለታናናሽ ክፍሎች ንባብ፥ ኪቦርድ ያለው ኮምፒዩተር ለታላላቆቹ ክፍሎች ልምምድ ይስማማል።

፮ኛ፤ ስለ ዋጋ፥ ስለ ጥገናና ስለ ዕድሜ

በሱቅ የተጠራው ዋጋ የመሣሪያው ሙሉ ዋጋ አይደለም። በቅሎ የሚገዛ ሰው የበቅሎዋን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገብሷንና ኮርቻዋንም ያስባል። እንዲሁ ለኮምፒዩተርና ለስልክ የመግዣው፥ የኀይሉ፥ የኢንተርኔት ፓኬጁና የጥገናው ወጪ ተደምሮ፥ ያገለግላል ተብሎ ለሚታሰበው ዓመት ይከፈል። በዓመት የሚደርሰው ሲታወቅ ርካሽ የመሰለው ውድ፥ ውድ የመሰለውም ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በጥገና የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይሻላል። ኪቦርዱ ቢበላሽ ኪቦርድ ብቻ፥ ሞኒተሩ ቢጠፋ ሞኒተር ብቻ ይለወጣል፤ ሜሞሪውና ዲስኩም እንደዚሁ። ስልክ ግን ሁሉም ክፍሉ ተጣብቆ ስለ ተሠራ፥ መስታወቱ ሲሰበር ወይም ባትሪው ሲያረጅ የጥገናው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ የአዲሱን ስልክ ዋጋ ይቀርባል።

ያገለገለ ኮምፒዩተር በስጦታ ወይም በርካሽ የሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ በውስጡ ያለውን ሥርዐት ይጠይቅ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን ነጻ የጥበቃ ማሻሻያ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ግን የሞተ ዕቃ ነው ተብሎ አይጣል። ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዐት፥ ከእርሱም ጋራ ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን ነጻ የጽሕፈትና የሰንጠረዥ ፕሮግራም ጭኖ ለብዙ ዓመት መሥራት ይቻላል።

ኢንተርኔት በሌለበትም ስፍራ ኮምፒዩተር ያለ ሥራ አይቀመጥም። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና ሌሎች መጻሕፍትን ከከተማ በፍላሽ አምጥቶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። አነስተኛ የዋይፋይ ዕቃ ከተጨመረለት ደግሞ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠውን ቤተ መጻሕፍት በአጠገቡ ያሉ ስልኮች ያለ ካርድ ወጪ ሊያነቡት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንደ ምንጭ፥ ስልኮቹም እንደ እንስራ ይሆናሉ።

፯ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

ስልክ ዛሬ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ስለዚህ የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥር ለልጅም ለወዳጅም አይነገር፤ «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው አታላይ መሆኑን ሽማግሌዎች ለመንደሩ ያስጠንቅቁ። ስልክ የጠፋበት ሰው ሳይዘገይ ለቴሌ አስታውቆ ሲም ካርዱን ያሳግድ።

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚጎዳው ብዙ እጅ ስለሚነካው ነው። መምህሩ ለውጤት መመዝገቢያ የራሱ መግቢያና የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ተማሪዎች በሌላ መግቢያ ይጠቀሙ። ከከተማ የመጣ ፍላሽ ከቫይረስ ንጹሕ መሆኑ ሳይመረመር አይከፈት። የተማሪዎች ውጤትም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ በኮምፒዩተሩ፥ አንድ ቅጂ ተለይቶ በሚቆለፍ ፍላሽ፥ አንድ ቅጂም ታትሞ በመዝገብ ቤት ይኑር።

፰ኛ፤ ምርጫው የሚደረግበት ሥርዐት

ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አምስት ነገር ጠይቆ መልሱን በወረቀት ያስፍር። መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው? የሚጠቀሙበት ሰዎች ስንት ናቸው፥ ዕድሜያቸውስ? መብራት በቀን ስንት ሰዓት አለ? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው፥ ወዴትስ ይወሰዳል? ቁልፉንና ሰዓቱን የሚቆጣጠር ኀላፊ ማን ነው? ከአምስቱ አንዱ መልስ ቢያጣ ግዢው ይቆይ።

ለምሳሌም ያህል፥ ዘመድ የሚያነጋግርና ገንዘብ የሚቀበል የገበሬ ቤተ ሰብ ተራ ስልክ ይበቃዋል። የአባሎቹን መዋጮ የሚመዘግብ እድር፥ አባሎቹ ጥቂት እንደ ሆኑ ደብተርና ስልክ ይበቁታል፤ ብዙ ሲሆኑ ግን የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር በወር አንድ ቀን ቢጠቀም ለራሱ ከመግዛት ይሻለዋል። መብራት ያለው ትምህርት ቤት አስቀድሞ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ይግዛ፤ ቀን ለተማሪዎች ልምምድ፥ ማታ ለመምህራን ሮስተርና ፈተና ያገለግላል። መብራት የሌለው ትምህርት ቤት ግን በላፕቶፕና በሶላር ይጀምር። ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች በየሳምንቱ በተራ፥ ጥቂት ደቂቃም ቢሆን፥ ማውስ መያዝና በኪቦርድ መጻፍ ይለማመዱ። ንባቡን በስልክ ሊያጠኑት ይችላሉ፤ እጃቸውን ግን ስልክ አያሠለጥንላቸውም።

መደምደሚያ

እንግዲህ «ከሁለቱ የሚሻለው የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ አስተዋይ ሰው «ለምን ሥራ?» ብሎ ይመልሳል። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ኮምፒዩተር አለኝ ብሎ አይታለል፤ ኮምፒዩተር የገዛም ትምህርት ቤት ትምህርቱ በራሱ የሚመጣ አይምሰለው። መሣሪያው የሚጠቅመው ሥራው ቀድሞ ታውቆ፥ ኀይሉ ተዘጋጅቶ፥ የሚያስተምር ሰው ሲቆምለት ነው። ይህ የተሟላ እንደ ሆነ ከእህል ዋጋ ተቀንሶ የተዋጣው ገንዘብ በልጆቹ እጅ ላይ ፍሬ አፍርቶ ይታያል።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ስልክ ለየትኞቹ ሥራዎች ይበልጣል? ከመንደሩ ኑሮ ሦስት ምሳሌ ይሰጥ።
2. በ45 ተማሪዎች ክፍል 9 የትምህርት ዓይነት ቢኖር በሮስተሩ ላይ ስንት ውጤት ይሰፍራል? በስልክ መጻፉ ስለምን ይከብዳል?
3. 100 ዋት የሚበላ ኮምፒዩተር በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ ስንት ዋት ሰዓት ይጨርሳል? ይህ ኀይል 20 ዋት ሰዓት የሚይዝ ስልክ ስንት ጊዜ ይሞላል?
4. አምስቱ የኮሚቴ ጥያቄዎች ለዚህ ትምህርት ቤት ቢቀርቡ መልሳቸው ምን ይሆናል? ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋራ ተነጋግረው ጽፈው ያምጡ።